«ተይው፣ እኛ እንጨርሰዋለን» ለተባለችው ተማሪ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከአንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመጣ ነው። ጥቂት አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተማሪ ነኝ። ዘንድሮ የድረ ገጽ ዲዛይን ኮርሳችንን ከጀርመን ተማሪዎች ጋር በጋራ ነው የምንማረው። ግሩፓችን አምስት ሰው ነው። ሦስቱ ከዚያ፣ እኔና አንድ ልጅ ከዚህ። ፕሮጀክታችን ፍኖተ ሰላም አካባቢ ላሉ ንብ አናቢ ገበሬዎች ማራቸውን የሚሸጡበት፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚነበብ ድረ ገጽ መሥራት ነው።

ሲጀመር ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ሐሙስ በመጣ ቁጥር ሆዴን ይቆርጠኛል። መጀመሪያ ስብሰባው በ9 ሰዓት ነው ሲሉኝ ከሰዓት በኋላ 9 ላይ ገባሁ፤ ማንም የለም። ለካ እነሱ የጠዋቱን ነው። በእኛ 4 ሰዓት መሆኑን አውቄ መግባት ስጀምር ደግሞ በጥቅምት መጨረሻ እንደገና ብቻዬን ተቀመጥኩ። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይሄዳል። የላቡ ዋይፋይ ሲሠራ ወረፋ ነው። ዳታ እንዳይበላብኝ ካሜራ አልከፍትም። እንግሊዝኛው እስኪመጣልኝም ወሬው ያልፋል።

ሥራዬን በቴሌግራም እልክላቸዋለሁ፤ አንደኛው ጀርመናዊ ጊትሃብ (ኮዳችንን በጋራ የምናስቀምጥበት ድረ ገጽ) ላይ ይጭነዋል። ባለፈው የሠራሁትን የአማርኛ ገጽ አጥፍቶ፣ በማሽን ያስተረጎመውን ጽሑፍ በፎቶ አስገብቶበት አገኘሁ። ለምን ስለው ‹እኔ ጋ ሳጥን ሳጥን ብቻ ነው የሚታየው። ችግር እንዳለብሽ እናውቃለን፣ ተይው፣ እኛ እንጨርሰዋለን› አለኝ። ‹እሺ፣ አመሰግናለሁ› ብዬ ዘጋሁ። የእኛው ልጅ ደግሞ ‹ስማችን እስካለ ምን አስጨነቀሽ?› ይለኛል። በመጨረሻ የግሩፕ አባላት እርስ በርስ ነጥብ እንሰጣጣለን። መምህሩን ለምኜ የእኛ ልጆች ብቻ ወዳሉበት ግሩፕ ልዛወር? ወይስ ዝም ብዬ ልጨርስ?

ዝምተኛዋ፣ ከጎጃም»

እህቴ፣ አትዛወሪ። ዝም ብለሽም አትጨርሺ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው ያስቆጨኝ መብራቱም ኔትወርኩም አይደለም። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ማለትሽ ነው። ሠርተሽ ያስረከብሽውን ሰው አጠፋብሽ፣ አንቺ አመሰገንሽው። እኛ ጋ እንዲህ ያለ «እሺ» የሰማ ሰው ፊትሽን አይቶ «ከፍቷታል» ይላል። ማታ መጥቶ ይቅርታ ይጠይቅሻል፤ ቢያፍር እንኳ ሰው ይልክብሻል። ያ ልጅ ግን ያየው ስክሪን ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው። ተስማማች ብሎ ወደ ሌላ ሥራው ሄደ።

ክፉ ነው ለማለት የሚያበቃ ነገር አላገኘሁበትም። ያዘነልሽ መስሎታል። እኔ ግን እንዲህ ያለው ሐዘኔታ ከስድብ ይብሳል ባይ ነኝ። የሚሳደብ ሰው ቢያንስ ሥራ ይጠብቅብሻል። «ተይው» የሚልሽ ግን ምንም መጠበቅ አቁሟል። ይሉኝታሽ ደግሞ ይህን አረጋገጠለት።

እንግዲህ ከቀላሉ እንጀምር፤ ከሰዓቱ። እኛ ዓመቱን ሙሉ ሰዓታችንን አንነካም። ጀርመኖች በዓመት ሁለት ጊዜ ይነካሉ። በማርች የመጨረሻ እሑድ አንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፉታል፣ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ መልሰው ወደ ኋላ ይስቡታል። ይህቺ የኦክቶበር እሑድ የምትውለው በእኛ ጥቅምት ውስጥ ነው። ከእሷ በፊት የእነሱ ጠዋት 9 በእኛ 4 ሰዓት ነበር፤ ከእሷ ወዲህ 5 ሰዓት ሆነ። ብቻሽን የተቀመጥሽው ለዚህ ነው፤ ማንም አልሸሸሽም። እነሱም አንቺ እንደጠፋሽ ነው የቆጠሩት።

ከአሁን በኋላ ቀጠሮ ሲያዝ ሦስቱንም አብረሽ ጻፊው። «ጀርመን 9፡00፣ ኢትዮጵያ 11፡00፣ በአገሬው አቆጣጠር ረፋድ 5 ሰዓት»። አንዴ ብቻ አስረጃቸው፤ ይገርማቸዋል፣ ይወዱታልም። በዓላቱንም አብረሽ አስገቢ። አብዛኛውን ጊዜ የእነሱ ገና በእኛ ታኅሣሥ 16፣ የእኛው ደግሞ በ29 ይውላል። እነሱ ከዕረፍት ሲመለሱ እኛ ለገና፣ ቀጥሎም ለጥምቀት ልንበተን ነው። ይህን አስቀድሞ ያልተናገረ ግሩፕ ወሩን ሙሉ «የት ጠፋችሁ?» ሲባባል ይከርማል።

ወደ ከባዱ ልግባ። «ሥራዬን በቴሌግራም እልክላቸዋለሁ» ያልሽው ላይ እንቁም። ራስሽን ከሥራው ያስወጣሽው እዚህ ጋ ነው።

ጊት፣ ጊትሃብ የቆመበት ፕሮግራም፣ ኮዱን ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር እንደለወጠ ይመዘግባል። አንቺ ሌሊት ተነሥተሽ የሠራሽውን ልጁ ሲጭነው በእሱ ስም ይመዘገባል። መምህሩ ነገ መዝገቡን ቢከፍት ያንቺን ስም አያገኝም። ተንኮል የለበትም፤ መሣሪያው የሚሠራው እንደዚያ ነው። እኛ አገር በግሩፕ አሳይመንት አንዱ ሰቃይ ይሠራል፣ ሌላው ስሙን ያስጽፋል። መምህሩም የሽፋኑን ገጽ አይቶ ለሁሉም እኩል ማርክ ይሰጣል። እዚህ ግን የሽፋን ገጽ የለም። የተገላቢጦሽ የሆነብሽም ለዚህ ነው፤ ሠርተሽ ስምሽ ጠፋ።

ለምን በቴሌግራም እንደምትልኪ ይገባኛል። ኔትወርኩ በመጣበት ደቂቃ ፋይሉን መወርወር ይቀላል። ብዙ ተማሪ ጊት ያለ ኢንተርኔት የማይንቀሳቀስ ይመስለዋል። ግን ኮሚት ለማድረግ፣ ማለትም የለወጥሽውን መዝገቡ ላይ ለማስፈር፣ ኢንተርኔት አያስፈልግሽም፤ ሁሉም እዚያው ላፕቶፕሽ ላይ ያልቃል። መብራት ቢጠፋም ባትሪሽ እስካለ ድረስ እየሠራሽ፣ ትንሽ ትንሹን ኮሚት እያደረግሽ ትቆያለሽ። ኔትወርክ ሲመጣ አንዴ ፑሽ ታደርጊዋለሽ፤ ወደ ጊትሃብ ትልኪዋለሽ ማለት ነው። ኮድ ጽሑፍ ስለሆነ የሚበላው ዳታ ከአንድ ፎቶ ያንሳል። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ጊትን የሠራው በየአገሩ ተበትነው የሊኑክስን ከርነል፣ ማለትም የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ ለሚጽፉ ሰዎች ነው። ሁሉም ሰው ሙሉውን ቅጂ ከነታሪኩ በራሱ ማሽን ላይ ይይዛል። መብራት ለሚጠፋበት ዶርም ታስቦ አልተሠራም፤ ግን የታሰበለት ነው የሚመስለው።

ሌላም የምሥራች አለሽ። የጠፋው የአማርኛ ገጽሽ አልጠፋም። ልጁ አንዴ ኮሚት አድርጎት ከነበረ በታሪኩ ውስጥ ተቀምጧል፤ ፈልገሽ መመለስ ትችያለሽ። ዛሬውኑ የራስሽን አካውንት ይዘሽ ግቢ። የራስሽን ብራንች፣ ማለትም ዋናውን ሳትነኪ የምትሠሪበትን ቅርንጫፍ፣ ክፈቺ። ሥራሽ ወደ ዋናው ከመግባቱ በፊት ፑል ሪኩዌስት (የ«አይታችሁ አስገቡልኝ» ጥያቄ) ላኪ፣ አንድ ሰው ይየው። ያው ሕግ ለሁሉም እንዲሆን ጠይቂ። ያኔ ያንቺን ገጽ ሳያሳይሽ የሚያጠፋ አይኖርም።

አሁን ወደ አማርኛው ገጽ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ግሩፑ ውስጥ አንቺን የሚተካ የሌለበት ቦታ ይህ ነውና።

ልጁ «ሳጥን ሳጥን ነው የሚታየኝ» ካለሽ ችግሩ ፎንት፣ ማለትም የፊደሉን ቅርጽ የያዘው ፋይል፣ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ፊደላችንን የያዘ ፎንት የለም ማለት ነው። ያንቺ ጽሑፍ ምንም አልሆነም። ኢንኮዲንጉ፣ ፊደሉ ኮምፒውተር ውስጥ በቁጥር የሚቀመጥበት ሥርዓት፣ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ የሚያየው የተዘባረቁ የላቲን ፊደሎችን ወይም የጥያቄ ምልክቶችን ነበር። ስለዚህ ፎንቱን ከገጹ ጋር አብራችሁ ላኩ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ ይገኛል፣ ፈቃዱም ለማንም ክፍት ነው። ገጹ ፎንቱን ይዞ ከሄደ ጀርመንም ተከፈተ ቡሬ ያው ነው። የገጹ ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን፣ ቋንቋውም አማርኛ መሆኑን ኮዱ ላይ መጻፍ አትርሺ። ፊደላችን በመቶዎች የሚቆጠር ምልክት ስላለው የፎንቱ ፋይል ከላቲኑ ይከብዳል። ስለዚህ ሁሉንም ውፍረት አትጫኑ፤ አንድ መደበኛና አንድ ደማቅ ይበቃል።

ጽሑፍን በፎቶ ማስገባት ግን በምንም መንገድ አትቀበይ። ፎቶ ይከብዳል። ስልክ ላይ ሲያሰፉት ይደበዝዛል። ማር ፈላጊው በጎግል ሲፈልገው አያገኘውም። ዓይነ ስውር የሚጠቀምበት አንባቢ ሶፍትዌርም ፎቶ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ አያነብለትም። ይህን ስትናገሪ ቅሬታ አድርገሽ አታቅርቢው። የዓለም አቀፉ የድር ተቋም፣ ደብሊውስሪሲ፣ የተደራሽነት መመሪያ «በምስል ፈንታ ጽሑፍ ተጠቀሙ» ይላል። የድረ ገጽ ዲዛይን የሚማር ሰው፣ ጀርመንም ይሁን እዚህ፣ ይህን መመሪያ ያውቀዋል ወይም ሊያውቀው ይገባል። በሚያውቁት ሕግ አናግሪያቸው።

ሌላም የማያውቁት አለ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም። ርዕሱን በትልልቅ ፊደል አድርግ የሚለው የሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስነው ቋንቋ) ትእዛዝ አማርኛው ላይ ምንም አያመጣም። ርዕስ እንዲለይ መጠኑን ወይም ውፍረቱን ነው የምትለውጡት። እንደ እንግሊዝኛው ዘመም ላድርገው ቢሉ ብራውዘሩ ፊደሉን በግድ ይገፋዋል፤ ያስጠላል። ፊደሎቹ ቁመታቸው ሙሉ ስለሆነ መስመሮቹ ተጠጋግተው ይታያሉ። በመስመሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ለአማርኛው ብቻ ለይታችሁ ጨምሩ። እነዚህን ነገሮች አንድ ገጽ ላይ ጽፈሽ ብታቀርቢ ለግሩፑ መመሪያ ሆነ ማለት ነው። መመሪያ የጻፈን ሰው «ተይው» የሚለው የለም።

ከዚያ ገበሬዎቹን አስቢ። የመመዝገቢያው ፎርም ላይ ስምና የቤተሰብ ስም ለየብቻ፣ ኢሜይል፣ የፖስታ ኮድ፣ ሁሉም የግድ ይሞላ ብለው ከሆነ ንብ አናቢው እዚያው ላይ ይቆማል። እኛ ስምና የአባት ስም ነው ያለን። አንድ የስም ሳጥን፣ አንድ የስልክ ቁጥር ይበቃል። የማር ቆረጣ ጊዜንም እንዲሁ። አደይ አበባው ካለፈ በኋላ ያለውን ኅዳርን «ኖቬምበር» ብለው ከተረጎሙት ከፊሉን ብቻ ነው የያዙት። ኅዳር የሚገባው ኖቬምበር 10 አካባቢ ነው፣ የሚወጣውም ዲሴምበር ውስጥ። ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፉ። ፎቶውንም አስቡበት። አንድ የስልክ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን፣ አሥር ፎቶ ያለው ገጽ 40 ሜጋባይት ይበላል። ቤቱ ፈጣን መስመር ያለው ልጅ አይታወቀውም፤ በፓኬጅ የሚከፍተው ይታወቀዋል። እያንዳንዱን ወደ 200 ኪሎባይት አውርዱት።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ አጭር ነገር ልበልሽ። ጀርመኖቹም የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አይደለም። ልዩነቱ እነሱ እየተሳሳቱ ይናገራሉ፣ አንቺ እስክታስተካክይው ትጠብቂያለሽ። የምትይውን ከስብሰባው በፊት በጽሑፍ ላኪ። ስብሰባው ላይ «የላክሁት ሁለተኛው ነጥብ ላይ» ብለሽ መጀመር ብቻ ይበቃሻል። ካሜራ የማትከፍቺበትንም ምክንያት ንገሪያቸው፤ ካልነገርሽ ንቀት ይመስላል።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ጀርመኖች ሥራ ላይ «ይህ አይሠራም» ሲሉ ቀጥ ብለው ነው የሚሉት፣ አያለሳልሱም ይባላል። ብዙውን ጊዜ ስለ ሥራው ነው የሚናገሩት፤ ስለ አንቺ አይደለም። ቢሆንም ቀጥተኛነት ሁሉ ጨዋነት ነው ብለሽ እንዳትቀበይ። ሳይጠይቁ የሰው ሥራ ማጥፋት በእነሱም አገር ነውር ነው።

እንግዲህ ለግሩፑ የምትልኪው መልእክት ይኸው። በራስሽ እንግሊዝኛ አድርጊው፣ አታሳምሪው።

«ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው የአማርኛው ገጽ ሲጠፋ ‹እሺ› ብያለሁ፣ ግን አልተስማማሁም ነበር። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ሳጥኑ የመጣው በፎንት ምክንያት ነው፣ መፍትሔውን በብራንቼ ላይ ሠርቼ እስከ ረቡዕ አሳያችኋለሁ። የአማርኛውን ክፍል ሙሉ በሙሉ እኔ እይዛለሁ። ከአሁን ጀምሮ ሥራዬን ራሴ ፑሽ አደርጋለሁ። እኔ ባለሁበት መብራትና ኔትወርክ ሳይታሰብ ይቋረጣል፤ ለአንድ ቀን ብጠፋ ሥራ አቁሜ አይደለም። ከሁለት ቀን በላይ የምጠፋ ከሆነ በአጭር የስልክ መልእክት አሳውቃለሁ። ሥራዬን ለመርዳት ስትፈልጉ እባካችሁ መጀመሪያ ጠይቁኝ።»

ይኸው ነው። ይቅርታ አልበዛበትም፣ ቁጣም የለበትም። ስለ ኔትወርክ የምትነግሪያቸው ሥራው ከዘገየ በኋላ ከሆነ ሰበብ ይመስላል። ከመዘግየቱ በፊት ከነገርሻቸው ግን ዕቅድ ይሆናል። ለወራት የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ያየ የክልላችን ተማሪ ይህን ማቀድ ለማንም ማስተማር ይችላል። «ከሁለት ቀን በላይ» ያልሽውን ግን ጠብቂ። አንዴ ከጣስሽው መልእክቱ በሙሉ ዋጋ ያጣል።

መልስ ካልሰጡሽ ወይም ገጹን እንደገና ካጠፉት በሳምንቱ ለሁለቱም መምህራን፣ ለእኛውም ለጀርመኑም፣ በአንድ ኢሜይል ጻፊ። ለአንደኛው ብቻ አትጻፊ። የጊቱን ታሪክ ሊንክ አያይዢ፤ ምን ሠርተሽ እንደነበርና ማን እንዳነሣው እዚያ አለ። ማልቀሻ አታድርጊው፣ አምስት መስመር ይበቃል። ስለ ነጥቡ ከወዲሁ አትጨነቂ። ሰው ነጥብ የሚሰጥሽ በሚያስታውሰው ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ ደግሞ የሚያስታውሱትን ለመለወጥ ይበቃል።

የእኛ ልጆች ብቻ ወዳሉበት ግሩፕ ብትዛወሪ በርግጥ ይቀልሻል። በአማርኛ ትጨቃጨቂያለሽ፣ ቡና እየጠጣችሁ ትታረቃላችሁ። ግን ነገ ሥራ ስትይዢ አሠሪሽ ወይም ደንበኛሽ ሌላ አገር ሊሆን ይችላል። ያኔ «ተይው» የሚልሽ ሰው ደመወዝሽንም አብሮ ይተወዋል። አሁን የሚቀነስብሽ ጥቂት ማርክ ነው። እዚሁ ብትለማመጂው ይሻልሻል።

የቀረው «ስማችን እስካለ ምን አስጨነቀሽ» ያለሽ ልጅ ነው። እሱ ግሩፑን ድግስ አድርጎታል፤ ባለቤቱ ያበላል ያጠጣል፣ የመጣው ሰው ይጫወታል። የግሩፕ ሥራ ግን ወንፈል ነው። ዛሬ ያንተን አጭዳለሁ፣ ነገ የእኔን ታጭዳለህ። ሰው ማሳ ላይ ያልዋለ ገበሬ የእሱ አዝመራ ሲደርስ ብቻውን እንደሚቀር የጎጃም ልጅ ሆኖ ይጠፋዋል ብዬ አላምንም። ምናልባት እሱም እንዳንቺ ፈርቶ በቀልድ እየሸፈነው ይሆናል። ስለዚህ አትቆጪው፣ ሥራ ስጪው።

ጀርመኖቹ ሊሠሩት የማይችሉት አንድ ሥራ አለ። የገበያ ቀን ጠብቆ ፍኖተ ሰላም ይሂድ። ንብ አናቢዎቹን ያግኝ፤ አምስት ካገኘ ጥሩ ነው፣ ሁለትም ቢሆን ይሂድ። ፈቃድ ጠይቆ ገጹን በራሳቸው ስልክ ያስከፍታቸው። «የማሩን ዋጋ ፈልጉልኝ፣ ከዚያ ስማችሁን አስመዝግቡ» ይበላቸውና ዝም ብሎ ያስተውል። እንዳያግዛቸው። ጣታቸው የት ላይ እንደቆመ፣ ገጹ እስኪከፈት ስንት ደቂቃ እንደፈጀ፣ የትኛውን ቃል «ምን ማለት ነው?» ብለው እንደጠየቁ ይጻፍ። ሐሙስ በ5 ሰዓት ያየውን ራሱ ለግሩፑ ያቅርብ። እንግሊዝኛው ከከበደው አንቺ ትተረጉሚለታለሽ።